ጎማ ፈረስ አይደለም፤ ዕድሜው በጥርሱ አይታወቅም!

ባለፉት ሳምንታት ስለ ፍቅር፣ ስለ ኩርፊያና ስለ እርቅ ብዙ ስላወጋን ዛሬ ትንሽ አረፍ እንበልና ስለ ጎማ እንጨዋወት። አዎ፣ ስለ መኪና ጎማ! “መኪና መቼ ኖረንና!” የምትሉም ብትሆኑ ገጹን አትግለጡት። ነገ መኪና ትገዙ፣ አለዚያም ባለ መኪና ታገቡ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ነገሩን ያስነሳኝ ሰሞኑን የደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው የ23 ዓመት የአዲስ አበባ ወጣት ነው። “አያቴ ቮልስ አወረሱኝ” ይላል። “ለብዙ ዓመት ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር። ሞተሯ ተነሥቷል። ያለኝ ገንዘብ ግን ከሁለት አንዱን ብቻ ነው የሚያሠራኝ። ወይ ቀለም አስቀባታለሁ፣ ወይ አራት አዲስ ጎማ እገዛላታለሁ። የጎማዎቹ ጥርስ ገና አላለቀም። ጓደኞቼ ቀለሙ ይቅደም ብለውኛል። አንተስ ምን ትመክረኛለህ?”

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ በ2014 ዓ.ም. እኔም ራሴን ጠይቄው ነበር። የመለስኩትም የተሳሳተ መልስ ነበር። ስለዚህ ከመምከሬ በፊት የራሴን ጉድ ልንገርህ።

የአባዬ ቮልስ

እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። አባዬ አስተማሪ ነበር። ከቤታችን ውስጥ ከእኛ ቀጥሎ የሚወዳት ነገር ብትኖር አረንጓዴዋ ቮልሱ ነበረች። (እማዬ ግን “ከእናንተም በፊት ነው” ትላለች።) የ1968 እ.ኤ.አ. ስሪት ስለሆነች ዕድሜዋ የእኔና የእህቴ ዕድሜ ተደምሮ የሚያህል ነው። ሞተሯ ኋላ ነው፣ የሚያቀዘቅዘውም ንፋስ ነው። ራዲያተር የሚባል ነገር ስለሌላት የጉና ብርድ ቢወርድ ውሃዋ አይረጋ፣ ዳገት ቢበዛ ውሃዋ አይፈላ! ፈረንጆቹ የዚህችን መኪና ዘር 21 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሠርተው፣ የመጨረሻዋን ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ከሚገኘው ፋብሪካ አወጡ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቮልስ የለም። ያለችውን መጠበቅ ብቻ ነው።

አባዬ በ2008 ዓ.ም. ዐረፈ። ቮልሷም በቆርቆሮ ጥላ ሥር ስድስት ዓመት ቆመች። ታላቅ እህቴ ለማግባት ስትወስን ታዲያ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ።

“ወንድምዓለም፣ አባዬ በሠርጌ ቀን የለም። በመኪናው እንኳ ይሸኘኝ።”

እኔ ያን ጊዜ 12ኛ ክፍል ጨርሼ፣ አዲስ አበባ ወዲያ ወዲህ እያልኩ እዚህም እዚያም የምጽፍ ሰው ነበርኩ። ቤተሰብ ተሰብስቦ 40 ሺህ ብር ሰጠኝ። ሠርጉ ለዳግማዊ ትንሣኤ እሁድ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ተቆርጧል። አደራው የእኔ ነው።

ቀለሙ ይቅደም!

እኔም እንደ አንተ ጓደኞች “ቀለሙ ይቅደም” አልኩ። ሙሽራ የምትሳፈርባት መኪና መጀመሪያ ማብረቅረቅ አለባታ! ለቀለም፣ ለክሮምና ለወንበር ልብስ 22 ሺህ ብር አወጣሁ። ቮልሷ እንደ መስታወት ፊት የምታሳይ ሆነች። ከዚያ በኋላ ነው ጎማ ትዝ ያለኝ። የቀረኝ 18 ሺህ ብር ነው።

አባዬ ስለ መኪናው ሁሉን ነገር የሚጽፍባት አንዲት ትንሽ ደብተር ነበረችው። ገለጥ ሳደርጋት “ጎማ፦ 165–15። ፊት 18፣ ኋላ 27” ይላል። የመጀመሪያው ገባኝ። ሁለተኛው ምን እንደሆነ ስላላወቅሁ ዝም ብዬ አለፍኩት።

ደብተሯን ይዤ መርካቶ ወረድኩ። አንዱ ሱቅ “የለም” ይላል። ሌላው ለኮሮላ የሚሆን ሰፊ ጎማ አውጥቶ “15 ቁጥር እንደሆነ 15 ቁጥር ነው፣ ይገባል!” ይለኛል። አንድ ቦታ ትክክለኛው ተገኘ፤ አንዱ 7,500 ብር። አራቱ 30 ሺህ ብር መሆኑ ነው። ከዬት ይምጣ? ወጣሁ።

በመጨረሻ አንዱ ነጋዴ ጎማ ደጃፍ ላይ ከተደረደረው መሐል መዘዝ አድርጎ፣ “የቮልስ አይደል የምትፈልገው? ይኸው! 4,200 ብር” አለኝ። ጥርሱ ጥልቅ ነው። የፋብሪካው ወረቀት እንኳ አልተላጠም። ያን ያህል ፋራ እንዳልሆንኩ ለማሳየት “መቼ የተመረተ ነው?” ብዬ ጠየቅሁ። ሰውዬው ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር በጣቱ አሳየኝ፤ 2714 ይላል።

“ይኸው 14 ይልልሃል። ዘንድሮ ስንት ነው? 2014 አይደል? ትኩስ ዳቦ ነው የወሰድከው!”

“27ቱስ?”

“እሱ የፋብሪካው ቁጥር ነው።”

ከፈልኩ። 16,800 ብር! በመንገዴ ሁሉ ስለ ብልጠቴ ራሴን እያመሰገንኩ ሄድኩ።

ጎሚስታው

ጎማዎቹ በጭነት መኪና ደብረ ታቦር ደረሱ። የከተማው ጎሚስታ አባዬን ያውቁት የነበሩ ትልቅ ሰው ናቸው። አንዱን ጎማ አንሥተው ጎኑን በሁለት እጃቸው ጠምዘዝ ሲያደርጉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ብቅ አሉ። በጥፍራቸው ጫር አደረጉት።

“ልጄ፣ ይኸን ማን ሸጠህ?”

“አዲስ እኮ ነው ጋሼ! ጥርሱን አያዩትም?”

“ፈረስ ነው ዕድሜው በጥርሱ የሚታወቅ” አሉኝ። “ይኼ ደርቋል። መልሰህ ለውጠው።”

እንዴት አድርጌ? ሠርጉ ሊደርስ ስድስት ቀን ቀርቷል፣ ብሩም አልቋል። ደግሞስ አዲስ አበባ ከርሞ የመጣ አራዳ ልጅ በአንድ የደብረ ታቦር ጎሚስታ ይመከራል? “ግድ የለም፣ ይግጠሙልኝ” አልኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው ገጠሙልኝ። ንፋሱን ሊለኩ ሲሉ አንድ ጓደኛዬ “ለቮልስ 20 ይበቃታል፣ ሁሉንም እኩል ይንፏቸው” አለ። አራቱም በ20 ተነፉ። የአባዬ ደብተር ኪሴ ውስጥ ነበረች።

ወደ ዓለም በር ቁልቁል

ሐሙስ ጠዋት እኔና እህቴ ለድግሱ ቀይ ሽንኩርት ልናመጣ ወደ ወረታ ወረድን። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከደብረ ታቦር ወረታ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያች አጭር መንገድ ግን ከ2,700 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ ፎገራ ሜዳ እስኪደርስ 900 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። ከላይ ካፖርት ለብሰህ ትነሣለህ፣ ታች ስትደርስ ሸሚዝህንም ማውለቅ ያምርሃል። እህቴ ከጎኔ ተቀምጣ ታንጎራጉራለች። ሕፃናት መንገድ ዳር ቆመው “ቮልስ! ቮልስ!” ይሉናል። እኔማ ደረቴን ነፍቼ…

ዓለም በር ሳንደርስ ከኋላ በግራ በኩል “ጥፍ፣ ጥፍ፣ ጥፍ” የሚል ድምፅ ሰማሁ። “ጭቃ ይሆናል” አልኩ። በሚያዝያ ደረቅ መንገድ ላይ ጭቃ! ትንሽ እንደሄድን “ጧ!” አለ። የጎማው ጥርስ እንዳለ ከሆዱ ተገሽልጦ ወጣ። እኔ ደግሞ ማድረግ የማይገባኝን አደረግሁ። ፍሬኑን በሙሉ ኃይሌ ረገጥኩት። ቮልሷ ኋላዋ ከባድ ነውና ዞረች። ሰማይ አየሁ፣ ገደል አየሁ፣ ሰማይ አየሁ። ስንቆም ፊታችን ወደ መጣንበት ወደ ደብረ ታቦር ዞሯል። የኋላዋ የቀኝ ጎማ ከአስፋልቱ ጠርዝ ውጪ ነው። ከታች ሲወጣ የነበረ አይሱዙ ጡሩምባውን እየነፋ ስንዝር በማትሞላ ክፍተት አለፈን።

እህቴ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችምም። ለረዥም ጊዜ ዝም ብላ ከቆየች በኋላ እንዲህ አለችኝ።

“በአባዬ መኪና ስፈራ የመጀመሪያዬ ነው።”

ውድ አንባብያን፣ በሕይወቴ ብዙ ስድብ ጠጥቻለሁ። እንደዚህች ቃል ግን ያቃጠለኝ የለም።

ሁለት ገበሬዎች ደርሰው ገፍተው ወደ መንገዱ መለሱን። ክሪክ አውጥተን የአባዬን አሮጌ ስኮርታ ጎማ ገጠምንና፣ ከሰው እርምጃ ብዙም ሳንፈጥን ወደ ከተማ ተመለስን። ቀለሟ ግን አሁንም እንደ መስታወት ያበራ ነበር!

ጎማ በእኛ አቆጣጠር አይወለድም

ጎሚስታው “ብዬህ ነበር” አላሉኝም። የተገሸለጠውን ጎማ አጋድመው ቁጥሯን አሳዩኝ።

“14 ያለው የፈረንጅ ነው። ጎማ በእኛ አቆጣጠር አይወለድም፣ ልጄ። 27ቱ ሳምንቱ ነው።”

ቁጭ ብለን አሰላነው። የ2014 እ.ኤ.አ. 27ኛ ሳምንት ማለት በእኛ የ2006 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ነው። የእኔ “ትኩስ ዳቦ” ስምንት ዓመት ሊሞላው የቀረው ሁለት ወር ብቻ ነበር። ያውም ስንቱን ዓመት በየደጃፉ ፀሐይ ሲመታው የኖረ! ላስቲክ ቢሄድም ባይሄድም ያረጃል። ፀሐይና አየር ያደርቁታል፤ ከውስጥ ያለው ድርና ማግ ከላስቲኩ ጋር ያለውን መያያዝ ያጣል። ጥርሱ ግን ካልተነዳ እንዳማረበት ይቀመጣል። የሚያታልለውም ይኸው ነው።

ከዚያ የአባዬን ደብተር አሳየኋቸው። “ፊት 18፣ ኋላ 27” የሚለውን ሲያዩ ሣቅ ብለው “ንፋሱ ነዋ!” አሉኝ። ሞተሩ ኋላ ስለሆነ የኋላው ጎማ ብዙ ንፋስ ይፈልጋል። እኔ በ20 አስነፍቼ ቁልቁል ስነዳው ጎማው እየተጣጠፈ ጋለ። የደረቀ ጎማ ላይ ሙቀት ሲጨመርበት ውጤቱን አይታችኋል። መልሱ እኮ ኪሴ ውስጥ ነበር!

ሰውዬው ታሪክም ይወዳሉ። በእጃቸው ወደ ጋፋት እያመለከቱ፣ “አጤ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እዚያ አስቀልጠው ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱት፣ መድፉ ማማሩን አይደለም ያዩ። ጎማውንና መንገዱን ነው ያዩ” አሉኝ። እውነት ነው። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በጎማ ላይ እየተጎተተ ነው መቅደላ የገባው። በዚያ መንገድ አምስት ወር የቆየ ንጉሥ እያለ እኔ ስድስት ቀን ቀረኝ ብዬ መቸኮሌ!

እሁድ እህቴ በኪራይ ኮሮላ ሄደች። ቮልሷ አበባ ተደርጎላት በራችን ላይ ቆማ ቀረች። እህቴ ስትወጣ በመዳፏ ኮፈኗን ዳበስ አደረገቻት። እኔ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

እንግዲህ ምክሩ

አንደኛ፦ ቁጥሩን እወቅ። 165/80 አር 15 ማለት ስፋቱ 165 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 80 ከመቶ፣ “አር” ራዲያል፣ 15 ደግሞ የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። በድሮዎቹ ቮልሶች ላይ 5.60–15 የሚል ታገኛለህ። “15 ቁጥር ሁሉ አንድ ነው” የሚልህን አትስማ። ለኮሮላ የሚሆነው 195/65 ቁመቱ ቢቀራረብም፣ ቢያንስ አምስት ኢንች ተኩል ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል። የቮልስ ቸርኬ አራት ወይም አራት ኢንች ተኩል ነው።

ሁለተኛ፦ ልደቱን ጠይቅ። የጎማው ጎን ላይ “ዲ.ኦ.ቲ.” ከሚሉት የፈረንጅ ፊደላት ቀጥሎ ባለው መስመር መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ ኋለኞቹ ዓመቱ ናቸው፤ በፈረንጅ! 3525 ካለ የ2025 እ.ኤ.አ. 35ኛ ሳምንት፣ በእኛ ነሐሴ 2017 ማለት ነው። ሰባት ወይም ስምንት መቀነስን አትርሳ። ቁጥሩ በአንዱ ጎን ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል ጎማውን ገልብጠህ እይ። ሦስት አሃዝ ብቻ ካየህ ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነውና አመስግነህ ውጣ። አራቱንም ጎማ አንድ በአንድ አንብብ፤ አንዱ ትኩስ ሆኖ ሦስቱ የከረሙ ሊሆኑ ይችላሉ። ትልልቅ አምራቾች ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተመረተ አሥር ዓመት ሲሞላው ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም እንዲጣል ይመክራሉ። እኔ በበኩሌ ስገዛ ከሁለት ዓመት ያለፈውን አልነካም።

ሦስተኛ፦ አትቀላቅል። ራዲያልና የድሮውን ዓይነት ጎማ አንድ ላይ አትግጠም። አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ገንዘብ አጥሮህ ሁለት ብቻ ከገዛህም አዲሶቹን ከኋላ አድርጋቸው። ብዙ ሰው ከፊት ያደርጋል፤ ኋላዋ የከዳት ቮልስ ግን ምን እንደምትሆን ከእኔ በላይ ምስክር የለህም። ያገለገለ ጎማ፣ በተለይ ጥርሱ በቢላዋ እንደገና የተቀረጸ ካጋጠመህ፣ ለበረባሶ ሠሪዎች ተውላቸው።

አራተኛ፦ ቸርኬውንና ከመነዳሪውን እይ። የዛገ ቸርኬ አዲስ ጎማ ላይም ንፋስ ያስወጣል። ዝገቱ ይፋቅ፣ የተጣመመው ይቃና። በከመነዳሪ የምትጠቀም ከሆነ አሮጌውን አዲስ ጎማ ውስጥ አትክተት። በቁጥሩ ልክ አዲስ ግዛ። ቫልቮላውም አብሮ ይለወጥ። ስኮርታውን ደግሞ አትርሳው፤ እሱም ልደት አለው።

አምስተኛ፦ ንፋሱ። ራዲያል ጎማ ላደረገች ቮልስ ከፊት 18፣ ከኋላ 27 አካባቢ ነው። የመኪናህ መጽሐፍ ካለ እሱን እመን። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስለካ። ጎሚስታው “ሁሉንም 30 ልንፋልህ” ቢልህ በትሕትና እንቢ በል።

ስድስተኛ፦ የምታቆማት ከሆነ ክብደቷን ከጎማው ላይ አንሣ፤ ፀሐይ እንዳያገኘው ሸፍነው። አንድ ቦታ ላይ ለዓመታት የቆመ ጎማ ከታች ይተኛል፤ ስትነዳው ያነጥርሃል።

ሰባተኛ፦ አያድርገውና መንገድ ላይ ቢፈነዳ ፍሬን አትርገጥ። መሪውን በሁለት እጅህ ጨብጥ፣ ነዳጁን ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ መኪናዋ ራሷ ስትዝል ወደ ዳር አውጣት።

መደምደሚያው

ያን ክረምት አራት ጽሑፍ የሚከፈለኝን አጠራቅሜ፣ ተበድሬም ጨምሬ፣ ትክክለኛዎቹን አራት ጎማዎች ገዛሁ። ቁጥራቸውን ሱቁ ውስጥ ተንበርክኬ አነበብኩ። ነጋዴው “ወንድም፣ ጎማ ነው ወይስ መጽሐፍ?” ብሎ ሣቀብኝ። ይሣቅ!

በግንቦት 2015 ዓ.ም. እህቴ የወለደችው ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ፣ እናትና ልጅን ቤተ ክርስቲያን ያደረሰቻቸው የአባዬ ቮልስ ነበረች። መሪው እኔ እጅ ላይ ነበር። ስንመለስ እህቴን በመስታወቱ ሰረቅ አድርጌ አየኋት። ልጇን እንደታቀፈች ተኝታለች። አባዬ ሲነዳም እንደዚሁ ነበር የምትተኛው።

እንግዲህ የደብዳቤው ባለቤት ወንድሜ፣ መልሴን ገምተኸዋል። ቀለሙ ይቆይ። ዛሬውኑ ጎንበስ በልና የጎማዎችህን ልደት አንብብ። ጥርሳቸው አላለቀም አልከኝ እንጂ ዕድሜያቸውን አልነገርከኝም። አያትህም ደብተር ትተው እንደሆነ ፈልግ፤ የማይገባህን መስመር ዘለህ አትለፍ፣ የሚያውቅ ሰው ጠይቅ። ጓደኞችህ በተላጠ ቀለሟ ቢሣቁባት፣ ቁጭ ብለው ይሣቁ። አብረውህ እስከተሳፈሩ ድረስ በሰላም ትመልሳቸዋለህ።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን!